ሠላሳ አራት ሰው የቆመበት ጠዋት

ቁስል አጣቢው ድሬሰር የመርፌውን ትሪ ደረቱ ላይ አቅፎ በረጅሙ ኮሪደር ይሮጣል። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሩጫ የሚያምርበት ሰው አልነበረም፤ ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ነጭ ጋወኑ ከኋላው ይርገበገባል፣ ትሪው ላይ ያሉት መቆንጠጫዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። የአጥሩ ዘበኛ ጂፗን ከድልድዩ ማዶ አይቷት ፊሽካውን ሁለት ጊዜ ነፍቷል። በተነጋገሩት መሠረት ሁለት ጊዜ ማለት «መጡ» ማለት ነው።

«ተኛ! ሁሉም ሰው ይተኛ!» እያለ አዳራሹ ውስጥ ገባ። «ክራንች ከአልጋ ሥር! አንተ ምላጭ የያዝከው፣ ጢምህን ተወው፤ ዛሬ ጢም አይላጭም!»

«ግማሹን ላጭቼዋለሁ እኮ፣ ድሬሰር!»

«ግማሹ ይበቃሃል። በሽተኛ ነህ እንጂ ሙሽራ አይደለህም!»

አዳራሹ ጥንት የፈረሰኛ ጦር ጋጣ ነበር። በጦርነቱ ፈረሶቹም ፈረሰኞቹም አልቀው ባዶውን ሲቀር፣ መንግሥት ግድግዳውን በኖራ አስለስኖ፣ ሠላሳ አምስት የብረት አልጋ አስደርድሮ፣ በሩ ላይ «የክፍለ ሀገሩ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል» የሚል ሰሌዳ ሰቀለበት። የፈረስ ማሰሪያው የብረት ቀለበቶች ግን እስካሁን ከግድግዳው አልተነቀሉም፤ ቁስለኞቹ ኮሮጇቸውንና ፎጣቸውን ይሰቅሉባቸዋል። ክረምት ሲገባ ወለሉ ከሥሩ የፈረስ ሽንት ይሸታል። «እኛ ከገባን በኋላ ነው የባሰበት» እያሉ ራሳቸው ይቀልዳሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ሐኪሞች፣ አምስት ነርሶች፣ አንድ የራጅ መሣሪያ ነበራቸው። ራጁ ተበላሽቶ ለጥገና ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ነርሶቹ አንድ በአንድ ተዛወሩ። የመጨረሻው ሐኪም ከሁለት ዓመት በፊት ለሦስት ቀን ስብሰባ ብሎ ወደ ዋናው ከተማ እንደሄደ ነው፤ መቼም ረጅም ስብሰባ ነበር። አሁን ቤቱን የያዙት ድሬሰሩ፣ አንዲት ልብስ አጣቢ፣ አንድ ምግብ አብሳይና ዘበኛው ናቸው። ድሬሰሩ በጦሩ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሰሌዳው ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ድፍን አሥራ ስምንት ዓመት ከዚህ አዳራሽ ተለይቶ አያውቅም።

ያኔ በመጀመሪያው ክረምት አሥራ አንድ ሰው ሞቶባቸው ነበር። ሐኪሞቹ ምክንያቱን በላቲን ጻፉት። ድሬሰሩ ግን በዓይኑ ያየውን ያውቃል፤ አንድ ቁስለኛ ምግቡን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ እንደሆነ ሳምንት አይሞላውም። ይህን ያማከረው ከወንዙ መሻገሪያ ላይ በጀርባው አዝሎ ያወጣቸውን ሻምበል ነበር። ሻምበሉ ሁለቱንም ዓይናቸውን ፈንጂ ወስዶባቸዋል፣ ወገባቸው ውስጥ ሊወጣ ያልቻለ ብረት ተቀምጧል። ነገሩን ሰምተው ጥቂት አሰቡና፣ «ወታደር የሚሞተው ብቻውን ሲሆን ነው። በሰልፍ ውስጥ ካለ ለመሞት እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዳራሹ የጦር ክፍል ሆነ። አልጋዎቹ በማዕረግ ተደረደሩ፤ ሻምበሉ በመስኮቱ በኩል ከሁሉ ጫፍ፣ ተራ ወታደሮቹ በበሩ በኩል። በየማለዳው ስም ጥሪ አለ። «አቤት!» ሳይል የቀረ ሰው ቁርሱን የሚበላው ሁሉም ከበሉ በኋላ ነው። የበላይ ሹም ሲገባ ሻምበሉ «ተጠንቀቅ!» ይላሉ፤ የቻለ የአልጋውን ራስጌ ይዞ ይቆማል፣ ያልቻለ ብርድ ልብሱ ላይ እጁን ቀጥ ያደርጋል። ዓመት እየተቆጠረ ሲሄድ ያልቻሉትም ቻሉ። እርግጥ ነው፣ ከመቆም በቀር ሌላ አልቻሉም። ለአንድ ደቂቃ ቀጥ የሚል ሰው ሁሉ ግቢው ጥግ ያለው ሽንት ቤት ድረስ ብቻውን መሄድ አይችልም፤ መቆምና መዳን ለየቅል ነው። ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ጠፋ። ድሬሰሩ በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚኮራው በዚህ ነበር።

የሚኮሩበት ነገር አንድ ቀን ጉድ እንደሚያፈላ ማን ያውቃል?

ከሦስት ሳምንት በፊት ከዋናው ከተማ በቀይ ማኅተም የታሸገ ደብዳቤ መጣ። ድሬሰሩ ሦስት ጊዜ አነበበው። አንድ ኮሚሽን ይመጣል። ከሠላሳ ያላነሱ መቆም የማይችሉ ቁስለኞች ካገኘ ሆስፒታሉ ይቀጥላል። ካላገኘ ይዘጋና ሕንጻው ለሾፌሮች ማሠልጠኛ ይሰጣል፤ መቆም የማይችለው ወደ ዋናው ከተማ ይዛወራል፣ የሚችለው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ይሸኛል።

«ወደ ቤተሰቡ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ድሬሰሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የቅርብ ዘመድ የሚጻፍበትን መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው። ደብዳቤ ሲጻፍ የሚጽፈው፣ «ተቀባዩ የለም» ተብሎ ሲመለስ የሚያነበው እሱ ነው። እናት ሞታለች፣ ሚስት ሌላ አግብታ አራት ወልዳለች፣ ወንድም አድራሻ ቀይሯል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሰው ይቅርና ወንዝም መንገዱን ይለውጣል። ከሠላሳ አምስቱ አንድ እንኳ «ና ወደ ቤትህ» የሚለው አልነበረም።

ደብዳቤውን ለሻምበሉ ሲያነብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ተኝቼ አለቃ ልቀበል? እኔ?»

«ጌታዬ፣ የቆመ ሁሉ በነጋታው መንገድ ላይ ነው።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ቁሙ ስንላቸው ኖረን፣ ዛሬ ተኙ ልንል?»

«ዛሬ ተኙ እንበላቸው፣ ጌታዬ። ስለ ፈጣሪ።»

ሻምበሉ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። በመጨረሻ፣ «ትእዛዝ ነው በላቸው» አሉ። «ሻምበል አዟል በል። ተኝቶ መተኮስም አለ፤ አስተምረናቸዋል።»

ልምምዱ ተጀመረ። ድሬሰሩ የዘበኛውን ከስክስ ጫማ ተውሶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ወለሉን እየደበደበ እንደ ኮሎኔል በበሩ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ሃያ አንድ ሰው ተነሥቶ ቆመ።

«እኔ እኮ ነኝ! ድሬሰሩ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ መሆንህን እኔ አውቄአለሁ፤ እግሬ ነው ያላወቀው» አለው አንዱ መቶ አለቃ፣ አፍሮ እየተቀመጠ።

በሁለተኛው ሳምንት የሚነሡት ስድስት ብቻ ሆኑ። በየቀኑ የሚያላግጥባቸው ሁለት እግሮቹ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጡበት አንድ አስር አለቃ ነበር፤ ስሙን የሚጠራው የለም፣ «ግማሽ ኪሎ» ነው የሚሉት። «ከዚህ ቤት ያለ ልምምድ ጎበዝ እኔ ብቻ ነኝ» ይላል። «ኮሎኔል አይደለም ጄኔራል ይምጣ፣ ቅንጣት አልነቃነቅም!» በሦስተኛው ሳምንት ድሬሰሩ ወለሉን ቢደበድብ፣ በሩን ቢበረግድ፣ የሚነሣ ጠፋ። ሁሉም ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ተኛ። በዚያ ምሽት ድሬሰሩ ወደ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ፣ «ተርፈናል መሰለኝ» አላት።

አሁን ጂፗ ግቢው ውስጥ ቆማለች።

ኮሎኔሉ እሱ የጠበቀው ዓይነት ሰው አልነበረም። ድሬሰሩ ቦርጫምና ቁጡ ሹም ነበር በሐሳቡ የሣለው፤ የገባው ግን አርባ አምስት ዓመት ያልዘለለው፣ ጆሮ ግንዱ የሸበተ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ከኋላው አንድ ጸሐፊ ታይፕ የተደረገ ቅጽ በሰሌዳ ላይ ቆንጥጦ ይከተለዋል። ቅጹ ሁለት ረድፍ አለው፤ «ይቆማል»፣ «አይቆምም»።

ከበሩ ጀመሩ። ኮሎኔሉ እያንዳንዱ አልጋ ጋ ጎንበስ እያለ፣ «እንዴት ነህ ወንድሜ? የት ነው የቆሰልከው?» ይላል። ብርድ ልብሱን ራሱ ገለጥ አድርጎ ያያል፣ ራሱ መልሶ ያለብሳል። ድሬሰሩ ትሪውን ይዞ ከኋላቸው ሲከተል የጸሐፊውን እርሳስ እንጂ ሌላ አያይም። አይቆምም። አይቆምም። አይቆምም። ሃያኛው አልጋ ጋ አንድ ወታደር ትከሻው ከትራሱ ላይ መነሣት ሲጀምር፣ ድሬሰሩ ሙቀት የሚለካ መስሎ ግንባሩን ይዞ መልሶ አስተኛው። ግማሽ ኪሎ ጋ ሲደርሱ ኮሎኔሉ ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ አለፈ። አይቆምም። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ! ሠላሳ አንድ። የድሬሰሩ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሠላሳ አራተኛው አልጋ ላይ እርሳሱ በ«አይቆምም» ሥር ሲያርፍ፣ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር፤ የቀሩት ሻምበሉ ብቻ ናቸው።

ሻምበሉ ዓይነ ሥውር ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ተኝተዋል። ኮሎኔሉ ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ካርድ አንሥቶ አነበበ። መልሶ አነበበ።

«የወንዙን መሻገሪያ የያዘው ሻለቃ ጦር?» አለ።

«አዎን፣ ጌታዬ» አለ ድሬሰሩ።

«ታላቅ ወንድሜ እዚያ ነው የቀረው።»

ጸሐፊው እርሳሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ኮሎኔሉ ግን ካርዱን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰ፣ ቆቡን አስተካከለ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ድሬሰሩ ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። ከእኔ በማዕረግ ያንሳሉ አላለም፤ ተረከዙን በተረከዙ ገጭ አድርጎ፣ እጁን ወደ ቆቡ አንሥቶ፣ ሥራ ላይ እንዳለ መኮንን ጥርት ባለ ድምፅ ማዕረጉንና ክፍሉን ተናገረ። ለተኛ ሻምበል ሰላምታ ሰጠ። ከልቡ ነበር።

ሻምበሉ ዓይን የላቸውም፤ ጆሮ ግን አላቸው። የሰሙት የመኮንን ተረከዝ ነው። የሰሙት ኮሎኔል የሚል ድምፅ ነው። ሦስት ሳምንት የተለማመዱት ነገር በዚያች ቅጽበት የት እንደገባ እንጃ። አፋቸው ተከፈተ፣ ከዚያ ከደቀቀ ደረት አዳራሹን የሚያናጋ ድምፅ ወጣ፦

«ክፍል! ተ——ጠንቀቅ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አልጋዎቹ ሁሉ ባንድ ላይ ጮኹ። ብርድ ልብስ ወለል ላይ ወደቀ፣ ባዶ እግር ሲሚንቶ መታ፣ ክራንች ተንሸራተተ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ቁስል፣ የተሰበረ ወገብ፣ የጎደለ እግር፣ ሁሉም ተነሣ። ራስጌውን የያዘ አለ፣ የጎረቤቱን ትከሻ የያዘ አለ፣ ምንም ያልያዘ አለ። ፊቱን ግማሽ የተላጨው ወታደር በአንድ እግሩ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሻምበሉ ራሳቸው ከአልጋቸው ወርደው፣ ብረት ያለበት ወገባቸውን አቅንተው፣ በሌለ ዓይናቸው ፊት ለፊት እያዩ ቆመዋል። ግማሽ ኪሎ ብቻ በሁለት እጁ ፍራሹን ተጭኖ ሰውነቱን ወደ ላይ ለመስቀል ይታገላል።

ድሬሰሩም ቆሟል። ትሪውን ይዞ፣ አገጩን አንሥቶ፣ ተረከዙን ገጥሞ። ማንም አላዘዘውም፤ እሱም እንደ ሌሎቹ ወታደር ነው።

ኮሎኔሉ በአዳራሹ ርዝመት ወዲያና ወዲህ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጌታዬ» አለ ጸሐፊው፣ ድምፁ ሰልሎ። «ሠላሳ አራቱን ‘አይቆምም’ ብዬ ጽፌ ነበር…»

«ዓይን የለህም? ያየኸውን ጻፍ።»

ጸሐፊው ላጲሱን አወጣ።

ተናገር፣ አለ ድሬሰሩ ለራሱ። አሁን ተናገር። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆሙት በል። ዘጠነኛው አልጋ ጋ ያለው ሰውዬ ቁስሉ ተከፍቶ ደሙ ወለሉ ላይ እየወረደ ነው፣ እሱን እይልኝ በል። ነገር ግን አገጩን እንዳነሣ ቀረ። ተጠንቀቅ ላይ ያለ ወታደር አይናገርም። «አሳርፍ» እስካልተባለ ድረስ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ እሽ አይልም፤ ይህን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በጥፊም በዱላም ተምሮታል፣ እዚህ ለነበሩት ሁሉ ደግሞ መልሶ አስተምሯል። ኮሎኔሉም በስሜት ተውጦ «አሳርፍ» ማለቱን ረሳ።

«ይህን ለማየት ነው ፈጣሪ ያቆየኝ» አለ ኮሎኔሉ። «እነዚህን ሰዎች በሽተኛ ብሎ መጻፍ ስድብ ነው። እንዲህ ያለ ወታደር የፈረስ ጋጣ ውስጥ አልጋ ላይ ማርጀት የለበትም። ወደ አገሩ፣ ወደ ወገኑ፣ በክብር ነው መመለስ ያለበት። በወንድሜ አጥንት እምላለሁ፣ በክብር ትሸኛላችሁ።» ሰሌዳውን ከጸሐፊው ተቀበለ፣ የወረቀቱን ግርጌ በብዕሩ ፈረመ፣ ቀለሙን እፍ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው «አሳርፍ!» ብሎ ዞሮ የወጣው። ሲወድቁ አላየም። ድምፁን ሰምቶ ከሆነም የአልጋ ድምፅ መስሎታል።

ድሬሰሩ ትሪውን ወርውሮ ወደ ግቢው ሮጠ። ጂፗ ሞተር አስነሥታ ነበር።

«ጌታዬ! ወድቀዋል! ይምጡና ይዩዋቸው፣ ሁሉም ወድቀዋል!»

«ደስታ ነው» አለ ኮሎኔሉ፣ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ። «እኔም ጉልበቴ ከድቶኛል።»

«መቆም ነው እንጂ ሌላ አይችሉም፣ ጌታዬ። እኛ ነን ያስለመድናቸው። በፊት ተኝተው ያዩዋቸው… እሱ ነበር እውነተኛው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዳይነሡ አለማምጃቸው…» እዚህ ላይ አፉን ያዘ፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

ኮሎኔሉ እጁን ከትከሻው ላይ አነሣ። «እንዲተኙ አለማምደሃቸዋል?»

«ቤቱ እንዳይዘጋብን ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ስለዚህ ያ ሁሉ አልጋ ላይ ያየሁት ሐሰት ነበር። እውነቱን ሻምበሉ ባያወጡት አታለህ ልትሸኘኝ ነበር።» ድምፁ አልተቆጣም፤ አዘነ። ያ ደግሞ ከቁጣው ባሰ። «ሃምሳ አለቃ፣ ማዕረግህን አልነካም። ስለነሱ ስል ነው የማልፍህ» ብሎ ጂፗ ላይ ወጣ።

ድሬሰሩ ወደ አዳራሹ የተመለሰው የሚጠብቀውን ለቅሶ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነው። ያገኘው ግን ሣቅ ነበር። ወለል ላይ ተዘርረው፣ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ወድቆ ይሥቃሉ። ልብስ አጣቢዋ በጉያዋ እየያዘች ወደ አልጋ ትመልሳቸዋለች።

«አየኸን፣ ድሬሰር? አየኸን ወይ?»

«ኮሎኔሉ አለቀሰ እኮ! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እኔ ምንም ሳልይዝ ነው የቆምኩት። ምንም!»

ግማሽ ኪሎ ብቻ ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ተከናንቦ ይንሰቀሰቃል። ከቅጹ ላይ «አይቆምም» የሚለው የቀረው ለእሱ ነው፤ ወደ ዋናው ከተማ፣ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል፣ አልጋ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን ከያሉበት ያጽናኑታል። «አይዞህ፣ እስከ ወገብህ ድረስ እኮ ቆመሃል» ይሉታል። ድሬሰሩ ይህን ሲሰማ በሩን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ዘጠነኛው አልጋ ላይ ያለውን ሰው ቁስል አጥቦ፣ በአዮዲን ነክቶ፣ ካሠረለት በኋላ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሻምበሉ በጀርባቸው ተኝተዋል። ላብ አጥምቋቸዋል።

«ስንት ሰው ቆመ?» አሉ።

«ሠላሳ አራት።»

«ወረቀቱስ?»

«ተፈርሟል፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ ከንፈራቸውን ነከሱ። «አፌ ነው የቀደመኝ» አሉ። «አስቤ አይደለም። ተረከዙን ስሰማ መሻገሪያው ላይ ያለሁ መሰለኝ። ሻለቃ ጦሩ ሁሉ ከኋላዬ ያለ መሰለኝ።» ቀጥለውም፣ «ነግረሃቸዋል?» አሉ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ዛሬን ተዋቸው። ነገ በስም ጥሪ ላይ እኔ እነግራቸዋለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ያጠፋነው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው፣ ጌታዬ። አብረን ነው።»

በማግስቱ ነገሯቸው። ማንም ያጉረመረመ የለም። አንዱ ብቻ፣ «ታዲያ ኮሎኔሉ ሲገባ ምን እናድርግ ነበር? እንተኛ?» ብሎ ጠየቀ፤ እውነት ግራ ገብቶት እንጂ ሊወቅስ አልነበረም።

ድሬሰሩ በመዝገቡ ላለው ዘመድ ሁሉ ሠላሳ አራት ቴሌግራም ላከ፤ እገሌ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከተማው መናኸሪያ ይደርሳልና ተቀበሉት ብሎ። ግማሽ ኪሎን በሰባተኛው ቀን አምቡላንስ ወሰደው። ድሬሰሩ ሊሰናበተው ሲጎነበስ ፊቱን ወደ መኪናው ግድግዳ አዙሮ አገኘው።

በስምንተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ሸራ የሌለው የጭነት መኪና መጣ። ሠላሳ አራቱን በየማዕረጋቸው ጫኗቸው። ሻምበሉን ጋቢና ውስጥ እናስቀምጥዎ ቢሏቸው እንቢ ብለው ከኋላ ወጡ። ከአዳራሹ ገና ሳይወጡ የማሠልጠኛው ሰዎች አልጋዎቹን እየነቀሉ ወደ ግቢ ያወጡ ነበር። ድሬሰሩ ጋወኑን እንደለበሰ ከቁስለኞቹ ጋር ተሳፈረ። ማንም እንዲሄድ አላዘዘውም፤ የሚቀርበት ሥራም አልነበረውም።

መናኸሪያው ሰፊ ሜዳ ነው። በአንድ ወገን ቲኬት የሚቆረጥበት ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም መጠለያ። የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ጡሩምባ እየነፉ ይገባሉ ይወጣሉ፣ ሸቀጥ ያዘለ ሰው ይጋፋል። ድሬሰሩ ከመኪናው ወርዶ ጋወኑ እንዲታይ መሐል ሜዳ ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት ጠበቁ። አንዲት ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ ከቲኬቱ መስኮት አጠገብ ሆና መኪናው ላይ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ አንዱ አውቶቡስ ገባች። የማን እንደነበረች ድሬሰሩ አላወቀም፤ ከመኪናው ላይም የጠራት የለም።

ሰማዩ ጠቆረና ማካፋት ጀመረ።

«ልጄ፣ ኋላውን ክፈትና ወደ መጠለያው እናውርዳቸው» አለ ድሬሰሩ ለሾፌሩ።

«አይቻልም፣ ጋሼ።» ሾፌሩ ከጋቢናው የወረቀት ክምር አወጣ። ለእያንዳንዱ ቁስለኛ አንድ አንድ ወረቀት ነው፤ ስም፣ ማዕረግ፣ ተረካቢ፣ ዝምድና፣ ፊርማ። «ያለ ተረካቢ ካወረድኩ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

«ማንም እንዳልመጣ አታይም?»

«እኔማ አያለሁ፣ ጋሼ። ወረቀቱ ነው የማያየው።»

«እንግዲያው መልሳቸው።»

«ወዴት?»

ዝናቡ በረታ። ከላይ ያሉት ሰዎች ራሳቸውን እንኳ አልሸፈኑም። የዘጠነኛው አልጋ ሰውዬ ፋሻ በስብሶ መቅላት ጀምሯል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ድሬሰሩ እጁን ዘረጋ።

«ብዕርህን ስጠኝ።»

ወረቀቶቹን በመኪናው ጭቃ መከላከያ ላይ ዘርግቶ በጋወኑ ከለላቸውና መጻፍ ጀመረ። ተረካቢ በሚለው ላይ የራሱን ስም፣ ዝምድና በሚለው ላይ «ወንድም»። ሁለተኛው ላይ «ወንድም»። ሦስተኛው ላይ «ወንድም»። እጁ ሲዝል «አጎት» ጻፈ፣ «የእህት ባል» ጻፈ፣ ከዚያ ተመልሶ «ወንድም»። የሚጽፈው ምን እንደሆነ ያውቃል። ነገ እነዚህ ወረቀቶች ዋናው ከተማ ይደርሳሉ፣ ኮሎኔሉም አንድ በአንድ ያያቸዋል፣ የገባው ቃል እንደተፈጸመ አምኖ ፋይሉን ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ እነዚህ ሰዎች አይጠይቅም። ቢሆንም ጻፈ፤ ዝናቡ የሚጠብቅ አልነበረም።

ሾፌሩ ተቀብሎ ቆጠረ። «ሁሉም ተሟልቷል፣ ጋሼ» አለና የመኪናውን ኋላ ከፈተ።

ድሬሰሩ ሻምበሉን ለማውረድ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ፣ ሻምበሉ ራሳቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ነበር።

«ብዕር ሲጭር ሰማሁ» አሉ። «የማን ዘመድ ነው የመጣው?»

«የሁላችሁም፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ የኮታቸውን ቁልፍ በዳሰሳ ቆለፉ፣ በዝናብ የራሰ ጠጉራቸውን በመዳፋቸው አስተኙ። «ታዲያ ምን ዝም ያሰኛቸዋል? ቀረብ ይበሉ እንጂ» ብለው ቀኝ እጃቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉ።

እጃቸው ተዘርግቶ ቀረ። ዝናቡ ይወርድበታል። ድሬሰሩ ግራና ቀኙን ቢያይ ከሾፌሩ በቀር ወደ እነሱ የቀረበ ማንም የለም። መዳፉን ጋወኑ ላይ ጠርጎ ጨበጣቸው።

ለአሥራ ስምንት ዓመት ያጠባቸውን፣ ያገላበጣቸውን፣ ያጎረሳቸውን እጅ ሻምበሉ ገና ሲነኩት አወቁት። ጥቂት ጊዜ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ከኋላቸው ያሉት እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ አንድ ሰው ነው» አሉ።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«ቤትህ ስንት ክፍል ነው?»

«አንድ።»

ሻምበሉ እጁን ለቀቁት።